በአሜሪካ መኪና ወደ እስቴ

ጋራዥ ውስጥ ያረጀ ሰው ስለ መኪና መጠየቁ አይቀርለትም። እኔን አብዝተው የሚጠይቁኝ በንጉሡ ዘመን ማብቂያ ላይ ስለነበረችኝ ባለ ስምንት ሲሊንደር የአሜሪካ መኪና ነው። «ከጀርመኖቹ ትፈጥን ነበር? ኩርባ ላይስ እንዴት ነበረች? ፍሬኗስ?» ይሉኛል። በአጭሩ ልመልስላቸው እሞክርና እተወዋለሁ። ያቺን መኪና በደንብ ያወቅኋት በአንድ ጉዞ ነው። ከአዲስ አበባ ተነሥቼ፣ በደብረ ታቦር አድርጌ እስቴ፣ ከእስቴም ስማዳ የደረስሁበት ጉዞ ነው። ወደዚያ አገር ሄዶ የማያውቅ ሰው ብዙ ስለሆነ፣ መንገዱንም ያሳደሩኝንም ሰዎች ጨምሬ እጽፈዋለሁ።

ተወልጄ ያደግሁት ስማዳ ነው፤ ከወገዳ ከተማ ወደ እስቴ በኩል የግማሽ ቀን መንገድ ከምትርቅ አንዲት ደብር አጠገብ። እናቴ እኔን ሳታሳድግ ስለሞተች ያሳደገችኝ ታላቅ እህቴ የሺ ናት። እኔ «እቴ» እላታለሁ። አዲስ አበባ ለትምህርት የላከችኝም እሷ ናት። ባሏ መሪጌታ ላቀው ጋይንት ቤተ ልሔም ወርደው የድጓን ዜማ ተምረው ያስመሰከሩ፣ በዚያችው ደብር ወንበር ዘርግተው የሚያስተምሩ ሰው ናቸው።

መጋቢት ውስጥ፣ በዐቢይ ጾም፣ ከደብረ ታቦር ቴሌግራም ደረሰኝ። «የሺን በቅሎ ረግጣ እግሯ ቆስሏል። አብጧል። ሐኪም ያስፈልጋታል። ላቀው» ይላል። ስማዳ ያን ጊዜ ስልክ ቀርቶ መንገድም አልነበረውም። መልእክቱን ያደረሰው ሰው ደብረ ታቦር ሆኖ መልሴን እየጠበቀ ነው። ወዲያው ጻፍሁ፦ «ወደ መካነ ኢየሱስ አውጧት። በመኪና እመጣለሁ። ጠብቁኝ። ሞላ።» የእስቴ ከተማ መካነ ኢየሱስ በበጋ መኪና ይደርስበታል። ከዚያ አንሥቼ ደብረ ታቦር ሆስፒታል ላስገባት ነበር ሐሳቤ።

የጋራዡ ሸሪኬ ጋሽ ኪዳኔ ሙያውን ከጣሊያኖች የተማሩ ሽማግሌ ነበሩ። መነሣቴን ሲሰሙ በእጃቸው ጥግ ላይ የቆመችውን ትንሽ የጀርመን መኪና አሳዩኝ።

«ይቺን ውሰድ» አሉኝ። «ሞተሯ ከኋላ፣ ከሚገፋው ጎማ ላይ ተቀምጧል። ጭቃ ላይ አትንሸራተትም። ውኃ የላት፣ አትፈላብህም። ሆዷም እንደ ትሪ ዝርግ ነው፣ ድንጋይ አይዛትም። ያንተዋ ወይዘሮ ናት። ምንጣፍ ካልተነጠፈላት አትሄድም።»

«በይቺ ባሕር ዳር ለመግባት ሁለት ቀን ይፈጅብኛል፣ ጋሼ» አልኋቸው። «በእኔዋ አንድ ቀን ነው። አንድ ቀን ማትረፍ አለብኝ።»

እውነት ነው፣ አንድ ቀን ማትረፍ ፈልጌ ነበር። ነገር ግን ሌላም ነገር ነበር፣ ዛሬ አልደብቀውም። መኪናዋ ከአንድ ወደ አገሩ ከሚመለስ አሜሪካዊ ገዝቼ፣ ሞተሯን በእጄ ፈትቼ የገጠምኋት ናት። ጥቁር ሰማያዊ፣ ባለ ሁለት በር። እስቴ ገበያ መካከል ሳቆማት ይታየኝ ነበር።

ማክሰኞ ሊነጋጋ ሲል እንጦጦን ወጣሁ። ዳገቱን የጭነት መኪኖች እያቃሰቱ ሲወጡት እኔ በሦስተኛ ማርሽ አለፍኋቸው። ሱሉልታ ሜዳ ላይ አንድ ትልቅ ጥቁር የጀርመን መኪና ደረስሁበት። ሾፌሩ በመስተዋት አይቶኝ ፍጥነት ጨመረ። እኔም ፔዳሉን ረገጥሁ። ወንበሩ ጀርባዬን ገፋኝ፣ ኮፈኑ ብድግ አለ፤ ጥቁሩ መኪና ቆሞ የቀረ መሰለኝ። በቀጥታ መንገድ ያቺን መኪና የሚደርስባት አልነበረም፤ ይህን ማንም ቢጠይቀኝ እመሰክራለሁ። ኩርባ በመጣ ቁጥር ግን ጥቁሩ መኪና ተረጋግቶ ሲታጠፍ እኔ ፍሬን እይዛለሁ፤ ኋላዬ መጥቶ ይለጠፋል። ቀጥታው ሲመጣ ጥዬው እሄዳለሁ። እንዲህ ስንባባል ፍቼ ደረስን። እሱ እዚያው ቀረ። እኔ በልቤ ማሸነፌን ቆጠርሁ።

ዓባይ በረሃ ቁልቁል ስጀምር ነገሩ ተገለበጠ። ከባዱ ሞተር ፊቷ ላይ ነው ያለው። መሪውን ስጠመዝዝ አፍንጫዋ እልኸኛ በሬ ይመስል ወደ ገደሉ ይገፋል። ቤንዚን ስጨምርላት ደግሞ ኋላዋ ያመልጣል። መሪዋ ለእጅ ቀላል ነው፣ ብዙ ይዞራል፤ ግን ጎማው ምን እንደ ረገጠ ለእጅ አይነግርም። ግማሽ መንገድ ላይ ፍሬኑ ግሎ መያዝ አቃተው፣ የተቃጠለ ሽታ መጣ። በአንደኛ ማርሽ እየጎተትሁ ወርጄ ድልድዩን እንዳለፍሁ ጥላ ሥር አቆምሁ። ከአራቱም ጎማ ጭስ ይወጣል።

ጥቂት ቆይቶ አንዲት ትንሽ የጣሊያን መኪና መጥታ አጠገቤ ቆመች። ነጂው ደብረ ማርቆስ የሚያስተምር መነጽር ያደረገ ሰው ነበር።

«ከላይ ጀምሮ ጭስህን እየተከተልሁ ነው የመጣሁ» አለኝ። «ውኃ አፍስሰህበት እንዳትሰነጥቀው። ዝም ብለህ አቀዝቅዘው።»

መካኒክ ነኝ አላልሁትም፤ ተግሣጹን ተቀበልሁ። ብርቱካን ልጦ ሰጠኝና ፍሬኑ እስኪበርድ አብሮኝ ተቀመጠ። ለምን እንደምሄድ ስነግረው «እግዜር ይማራት» ብሎ የቀሩትን ብርቱካኖች ወንበሬ ላይ አኖረልኝ። ዳገቱን ስንወጣ ያ ጉልበት ጠቀመኝ፣ ጥዬው ሄድሁ፤ ደጀን አፋፍ ላይ ግን ውኃዬ ፈልቶ ቆሜ ሳለ እጁን እያወዛወዘ አለፈኝ።

ከዚያ ወዲያ ኮረኮንች ነው። መንገዱ የማጠቢያ ቆርቆሮ ይመስላል። የኋላዋን ንዝረት የሚያበርደው ባሌስትራ ደረቅ ስለሆነ ጎማው መሬት ለቅቆ ይዘላል፣ ኋላዋ ወደ ጎን ይሄዳል። አንድ የፈረንሳይ መኪና በዚያው መንገድ ላይ እንደ ሰጋር በቅሎ ተንሳፎ ሲያልፈኝ ቀናሁ። ደብረ ማርቆስ ሽሮ በላሁ፤ ሁለት ጊዜ ቤንዚን ሞላሁ። ፀሐይ ስትጠልቅ ባሕር ዳር ገባሁ። በዚያ ቀን ከአዲስ አበባ የተነሣው አውቶቡስ ደብረ ማርቆስ ነው ያደረው። አንድ ቀን አተረፍሁ ብዬ ተኛሁ።

ረቡዕ በጧት በወረታ በኩል ታጥፌ ደብረ ታቦርን በአራት ሰዓት ወጣሁት። ቴሌግራም ቤቱ ያለው ሰው አወቀኝ። «መልእክትህን ሰውየው በዕለቱ ይዞ ሄዷል» አለኝ። «ይኼኔ መካነ ኢየሱስ ሳያደርሷት አይቀሩም።» ያረፍሁበት ምግብ ቤት ባለቤት፣ ወይዘሮ አንጓች የሚባሉ፣ የምሄድበትን ሲሰሙ ወጥተው መኪናዬን ዞረው አዩአት።

«ልጄ፣ ትናንት ጉና ላይ ዘንቧል» አሉኝ። «የእስቴን መንገድ እግረ ረጅም መኪና ነው የሚያልፈው። ይቺ እኮ ሆዷ መሬት ይነካል።»

«ቀስ ብዬ እሄዳለሁ፣ እማማ።»

«እንግዲያ ስንቅ ያዝ» ብለው የሱፍ ፍትፍት በዕቃ አሰሩልኝ። ዋጋውን አልቀበልም አሉ።

መንገዱ በጉና ትከሻ ያልፋል። አዲስ አበባ ሰው ስለ መንገድ ሲያማርር ጉድጓዱን ይቆጥራል፤ እዚህ መንገዱ ራሱ የቱ እንደሆነ መጠየቅ ነበረብኝ። ሁለት የጎማ መስመር ገብስ ማሳ መካከል ገብቶ ይጠፋል፣ ከወዲያ ማዶ ይወጣል። ጭቃው ላይ ቤንዚን በነካሁ ቁጥር የኋላ ጎማዎቹ ባዶውን ይዞራሉ። ኋላዋ ባዶ፣ ፊቷ ከባድ፤ ያ ሁሉ ጉልበት መሬት የሚይዝበት ነገር አላገኘም። ጋሽ ኪዳኔ የነገሩኝ አንድ በአንድ ደረሰ። ስምንት ሰዓት ገደማ አንድ ወንዝ ስሻገር አፍንጫዋ ወዲያኛው ዳር ላይ ተተክሎ ቀረ።

ከላይ ማሳ የሚያርስ ሰው አየኝና ሞፈሩን አቁሞ ወረደ። ወርቁ ይባላል፤ ዕድሜው ከእኔ ከፍ ይላል፣ «አያ ወርቁ» አልሁት። ምንም ሳይጠይቅ በሬዎቹን ከነቀንበራቸው አምጥቶ መኪናዋን በጠፍር አሰራት። ሁለት ጊዜ ጠፍሩ ተበጠሰ። ወጥታ ደረቅ መሬት ላይ ስትቆም ፀሐይ አዘቅዝቃ ነበር።

«ከፊት ያለው ዳገት በዚህ ሰዓት አይሞከርም» አለኝ። «እኔ ዘንድ እደር።»

ቤቱ ስንደርስ ሚስቱ እመት ጣይቱ እግሬን አጠቡኝ። አዲስ አበባ ያለኝ ቤት ውኃ በቧንቧ ይገባዋል፤ እንዲህ ያለ መስተንግዶ ግን አያውቅም። ስልጆና የባቄላ ወጥ አቀረቡልን። እየበላን ሳለ አያ ወርቁ ጠየቀኝ።

«የስንት በሬ ጉልበት አላት?»

«በፈረስ ነው የሚለካው። ከሁለት መቶ ፈረስ በላይ።»

«የእኔዎቹ ሁለት ናቸው» አለ። ሊያሾፍብኝ አልነበረም። ለበሬዎቹ አዝኖ ነበር።

ሐሙስ ጧት ዳገቱን በበሬ እየተጎተትሁ ወጣሁ። አያ ወርቁ አፋፉ ላይ ፈትቶኝ ወደ እርሻው ተመለሰ። ከዚያ ወዲያ ጥቂት እየነዳሁ፣ ወርጄ ድንጋይ እያነሣሁ፣ እንደገና እየነዳሁ ሄድሁ። ሦስት ሰዓት ሲሆን አንድ ያላየሁት ጥርስ ያለው ድንጋይ ከሞተሩ ሥር ያለውን የዘይት ቋት ቀደደው። ድምፁን አውቀዋለሁ። ወርጄ ሥሯ ስገባ ጥቁሩ ዘይት ሣሩ ላይ እየተንዠቀዠቀ ነው።

ስንጥቁን በሳሙናና በጨርቅ ደፈንሁት፤ ይህ ለእኛ ሙያ ቀላል ነገር ነው። የሌለኝ ዘይት ነው። በእግሬ ወደ አያ ወርቁ ቤት ተመለስሁ። እመት ጣይቱ የነገርኋቸውን በጥሞና ሰሙኝና ጓዳ ገብተው ቅል ሙሉ የኑግ ዘይት ይዘው መጡ።

«ጾም ነው፣ ቅቤ አልነካም ብላ እንደሆነ ይኼ የጾም ነው» አሉኝ።

መኪናዋን ነው የሚሉት። አይሆንም ማለት አቃተኝ። ቅሉን ተሸክሜ መልሼ ወጣሁ። መኪናዋ አጠገብ ተቀምጬ፣ ቅሉን በጉልበቴ መካከል ይዤ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀስሁ።

ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል ከእስቴ በኩል አንድ ባለ ሸራ ጂፕ መጣ። የወባ መድኃኒት የሚረጩ ሰዎች መኪና ናት፤ የፊት ፍርግርጓ የወላለቀ፣ ሸራዋ የተቀዳደደ። ባለፈው ሳምንት ጋራዤ መጥታ ቢሆን ወደ ጓሮ አግቧት ነበር የምለው። ሾፌሩ ተሾመ ብቻውን ነበር። የመኪናዬን ሥር አጎንብሶ አየና ራሱን ነቀነቀ።

«ወዴት ነበርህ?» አለኝ።

«መካነ ኢየሱስ። የታመመች እህት አለችኝ።»

ቀና ብሎ አየኝ። «እግሯን የቆሰለች ሴት? ባሏ መሪጌታ?»

«አዎ።»

«ትናንት ማታ አገኘኋቸው። ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ሰው ቤት ነው ያሉት። ዛሬ ጧት ‹ደብረ ታቦር መሄዴ ነው፣ ልውሰዳችሁ› አልኋቸው። መሪጌታው ወጥተው ‹ወንድሟ በመኪና እየመጣ ነው፣ ጠብቁኝ ብሏል፣ እንጠብቀዋለን› አሉኝ። እኔም የተሻለ መኪና ከመጣ ብዬ ሄድሁ።»

ያን ጊዜ የተሰማኝን እንዴት ብዬ ልጻፈው። የተሾመን ክንድ ያዝሁ።

«እንመለስ» አልሁት። «እለምንሃለሁ።»

«ቤንዚኔ ደብረ ታቦር ብቻ ነው የሚያደርሰኝ።»

«እኔ አለኝ።»

ላስቲክ ቱቦ አውጥቼ ከመኪናዬ ወደ ጂፑ ቀዳሁለት፤ አፌ ቤንዚን ቤንዚን እያለ። ተሾመ «አለቃዬ ቢቆጣ ይቆጣ» ብሎ መሪውን አዞረ። ያቺ መኪና በዚያ ጉዞ ለእህቴ የጠቀመቻት ነገር ቢኖር ያ ቤንዚን ነው።

ጂፑ ያን ሁሉ ድንጋይ እየረገጠ፣ በአራቱም ጎማው እየቧጠጠ፣ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ መካነ ኢየሱስ ገባ። በፍጥነት ቢባል ከሰጋር በቅሎ ብዙም አይበልጥም። እኔ ግን በአንድ ቀን ተኩል ያልደረስሁበትን መንገድ ነው የጨረሰው። በመንገድ ላይ ሌላም ነገር ገባኝ። የእኔ መኪና ባለ ሁለት በር፣ የኋላ ወንበሯ ለሕፃን የሚጠብብ ነው። እግሯ ያበጠ ሰው የሚጋደምበት ቦታ የላትም። ደርሼ እንኳ ቢሆን የት ላስተኛት ነበር? መካኒክ ነኝ፤ ይህን አንድ ጊዜም አላሰብሁትም።

እቴ የሺ መደብ ላይ ተጋድማ ነበር። ፊቷ ከስቶ ዓይኗ ብቻ ቀርቷል። የተሸከሟት የአገሯ ሰዎች ደጅ ላይ ቃሬዛውን አጋድመው ተቀምጠዋል። መሪጌታ ሲያዩኝ ተነሥተው ጋቢያቸውን አስተካከሉ።

«ሞልዬ» አለችኝ እህቴ። «በመኪናህ ነው የመጣኸው?»

«ተበላሽታብኝ መንገድ ላይ ናት፣ እቴ። በሌላ ነው የመጣሁት። ዘገየሁብሽ።»

«መጣህ አይደል» አለች።

እግሯን ገልጬ ሳየው እስከ ጉልበቷ ጠቁሯል። የቤቱ እመቤት ፍራሻቸውን አምጥተው ጂፑ ወለል ላይ አነጠፉ፤ «መልሱልኝ አልላችሁም» አሉ። ከመሪጌታ ጋር በግራና በቀኝ ይዘናት ተነሣን። ጂፕ ለበሽተኛ አይሆንም፤ ባሌስትራው ደረቅ ነው፣ እያንዳንዱን ድንጋይ ለጀርባ ይነግራል። በእያንዳንዱ ድንጋይ ከንፈሯን ትነክሳለች። ተሾመ የሚችለውን ያህል ቀስ ይላል፤ ቀስ ሲል ደግሞ ጊዜው ይሄዳል። መሪጌታ ውዳሴ ማርያም እየደገሙ ነበር።

ሥራ ፈትታ የቆመችው መኪናዬ ዘንድ ስንደርስ እህቴ ቀና ለማለት ፈለገች። ደግፈን ያዝናት።

«ይቺ ናት?»

«ይቺ ናት፣ እቴ።»

«ታምራለች» አለች። «ለብቻዋ እዚህ አይነኩብህም?»

«አያ ወርቁ የሚባል ሰው አለ። ይጠብቅልኛል።»

«ደግ ነው።»

ከዚያ በኋላ ሌላ ቃል አልተናገረችም። ዳገቱን ስንወርድ እጇ እጄ ውስጥ ላላ። መሪጌታ ድጋማቸውን አቋርጠው ፊቷን አዩ፤ ከዚያ በመዳፋቸው ዓይኗን ከደኑ። ተሾመን «አቁም፣ ልጄ» አሉት። ወንዙ ዳር ነበርን፤ ረቡዕ ዕለት መኪናዬ በተተከለችበት ቦታ ላይ።

አያ ወርቁና ሚስቱ ቤታቸውን ለቀቁልን። እመት ጣይቱ እህቴን አጥበው ከሣጥናቸው ባወጡት አዲስ ነጠላ ጠቀለሏት፤ ለራሳቸው የፋሲካ ብለው ያስቀመጡት ነበር። የጎረቤት ሰው ሁሉ መጣ። የማያውቋትን ሴት እንደ ዘመድ አለቀሱላት። አዲስ አበባ ጎረቤቴ ሲሞት በር ላይ ቆሜ ተመልሻለሁ፤ ያን ቀን ይህን አስታወስሁ።

ዓርብ ጧት ተሾመ መካነ ኢየሱስ ድረስ መለሰን። ከዚያ እዚያው የቀሩት የአገሯ ሰዎች ቃሬዛውን አነሡ። እየተቀያየርን ቀኑን ሙሉ ተጓዝን። በሕይወት ሳለች ተሸክመው ባመጧት ጎዳና ነው የመለስናት። በየመንደሩ ሰው እርሻውን ትቶ እየመጣ ትከሻውን ያቀርባል፤ ጥቂት ተሸክሞ ለሌላ ያስረክባል። የቃሬዛ አካሄድ ለስላሳ ነው፤ በእግር የሚሄድ ሰው ድንጋዩን አይቶ ይረግጣል። ሐሙስ ዕለት እንዲህ አድርገው ወደ ደብረ ታቦር ይዘዋት ቢሆን፣ ወይም ረቡዕ፣ ብዬ መንገዱን ሁሉ በልቤ አሰላለሁ። ጠብቁኝ ባልል ኖሮ በእግራቸው ይደርሱ ነበር። ቅዳሜ በደብሯ ተቀበረች። የመሪጌታ ተማሪዎች አዜሙላት።

እሑድ ስመለስ መሪጌታ እስከ መንደሩ ወንዝ ሊሸኙኝ ወጡ። ወንዙ ዳር ስንደርስ ተናገርሁ።

«እኔ ነኝ የገደልኋት፣ የኔታ» አልሁ። «ጠብቁኝ ማለቴ ነው።»

ቆሙ። መቋሚያቸውን መሬት ላይ ተክለው ተደገፉት።

«ሾፌሩ ምን እንደ ነገረህ አውቃለሁ» አሉኝ። «ሐሙስ ጧት በጂፑ ልውሰዳችሁ ሲለን እሷ ሰምታ ነበር። ‹እንሂድ› አለችኝ። ‹ሞላ መንገድ ላይ ያገኘናል፣ ደግሞም ይከተለናል› አለችኝ። እንቢ ያልሁት እኔ ነኝ። ወንድምሽ ያን ያህል አገር አቋርጦ መጥቶ ቢያጣሽ ያዝናል አልኋት።»

እሳቸው ገና አልጨረሱም።

«ይኼም ብቻ አይደለም። የእስቴ ሰው ሁሉ አማቻቸው በአሜሪካ መኪና እየመጣ ነው ሲል ሰምቼ ነበር። ደስ ብሎኝ ነበር። በዚያች በተቀዳደደች ጂፕ ስንሄድ ከሚያዩን፣ ያንተዋ መጥታ ደጃችን ላይ ስትቆም ቢያዩ ወደድሁ። ለንስሐ አባቴ ነግሬያለሁ። ላንተም መንገር ነበረብኝ።»

እጃቸውን ያዝሁ። እሳቸውም ያዙኝ። ሁለታችንም ሌላውን ይቅር ለማለት የሚያበቃ ቃል አልነበረንም። ተሳስመን ተለያየን።

በሳምንቱ የዘይት ቋት ማሸጊያና ዘይት ይዤ ተመለስሁ። አያ ወርቁ መኪናዋን በጭድ ሸፍኖ፣ ከብት እንዳያክካት በእሾህ አጥሮ አገኘሁት። አዲስ አበባ ስደርስ ጋሽ ኪዳኔ ኮፈኗን ከፍተው የገባውን ገለባ መልቀም ጀመሩ። ያን ክረምት ሸጥኋት። የገዛት ሰው ስለ ጉልበቷ ሲጠይቀኝ እውነቱን ነገርሁት፦ በቀጥታ መንገድ የሚደርስባት የለም።

በየዓመቱ ለእቴ የሺ ሙት ዓመት ወደ ስማዳ እሄዳለሁ። እስከ ደብረ ታቦር በአውቶቡስ፣ ከዚያ በእግሬ። መሪጌታ አርጅተዋል፤ ዓይናቸውም ደክሟል፤ ሆኖም መካነ ኢየሱስ ድረስ በበቅሎ መጥተው ይቀበሉኛል። ቀኑን ሙሉ አብረን እንጓዛለን። ስለ ገብሱ፣ ስለ ዝናቡ፣ ጋይንት ወርዶ ስላስመሰከረ ተማሪያቸው ያወሩኛል። እኔም ስለ ጋራዡ አወራቸዋለሁ። ስለዚያ ሐሙስ ጧት ግን አንድም ቀን አንሥተን አናውቅም።